በመርፌ የሚመጣ ወዝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 36 ነው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማዲያት ወጣብኝ፤ ፊቴም ወዙን አጣ። ሰው የጠቆመኝን ቅባት ስቀባ ይቀላል፣ ሳቆም ይብሳል። ዱባይ ያለችው እህቴ «ስኪን ቡስተር» የሚባል መርፌ በሰው ልካልኛለች፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የኮሪያ ነው። የውበት ሳሎን ያላት ጎረቤቴ «እኔ እወጋሻለሁ» ብላኛለች። ከፋሲካ በኋላ የወንድሜ ሰርግ ስላለ ልወጋው? ልጄ ገና ይጠባል።

መልስ፦ እህቴ፣ አትወጊው። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ደኅንነቱ ስላልተረጋገጠ አንሰጠውም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ልጁ ጡት ሲተው ሳጥኑን እንደምታወጪው ስለማውቅ ልቀጥል።

አብዛኛው ስኪን ቡስተር ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በቆዳችን ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ ካርል ሜየርና ጆን ፓልመር በ1934 በፈረንጆች አቆጣጠር ከላም ዓይን ለይተው ያወጡት ንጥረ ነገር። በቀጭን መርፌ ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ሥር በጥቂት በጥቂቱ ሲገባ ውሃ ይይዛል፤ የደረቀ ፊት ይለሰልሳል። ብዙውን ጊዜ በወር ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰጥቶ ለወራት ይቆያል። የማዲያት መድኃኒት ግን አይደለም። ማዲያት የቀለም ችግር ነው፤ እንዲያውም በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ መርፌ የነካው ቦታ ራሱ ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል።

ጽሑፉን ማንበብ የማትችዪው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ በምን ታውቂያለሽ? የማንጫ መርፌም በዚሁ ስም ይሸጣል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቆዳ ለማንጣት ያጸደቀው መርፌ አንድም የለም። እውነተኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ ቢሆን እንኳ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን ደም ሥር ውስጥ ከገባ ይዘጋዋል፤ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ሐኪም የሚወጋው ማሟሟቻውን ሃያሉሮኒዴዝ አጠገቡ አስቀምጦ ነው። ጎረቤትሽ አጠገብ ያለው ካስክና ቢጎዲን ነው።

እኔን ከመርፌው ይበልጥ ያሳሰበኝ ቅባቱ ነው። ሲቀቡት የሚያቀላ፣ ሲተዉት የሚያብስ ቅባት የስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ጠባይ አለው። ቱቦውን ገልብጠሽ እዪው፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል የስቴሮይድ ስም ካገኘሽ የፊትሽን ቆዳ አቅጥኖ ወዙን የወሰደው እርሱ ሊሆን ይችላል። በአንድ ጊዜ መተው ፊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ቱቦውን ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ለማዲያቱ ለምታጠባ እናት የሚሆን አዜላይክ አሲድ ሊያዝልሽ ይችላል።

የቀረው ፀሐይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምሳ ወደ ቤት ስትመላለሺ ነጠላ መከናነብ አይበቃም። መከላከያ አቅሙ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ተቀቢ፤ የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበት ብታገኚ ለማዲያት ይሻላል። ጃንጥላም ያዢ፤ በጎጃም በበጋ ጃንጥላ ለያዘች ሴት ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ለሰርጉ ፊትሽን ታጥበሽ ሳይደርቅ ግሊሰሪን ያለበት ማለስለሻ ተቀቢ፤ ለፎቶግራፍ ይበቃል። ሳጥኑን ለሐኪሙ አሳዪው። ለጎረቤትሽ ግን እንዳትሰጪያት፤ ሌላ ሰው ትወጋበታለች።