ምህዋሩን አበላሽተው ያሳዩአቸው

ሰላም መምህርት፣ እንዴት ሰነበቱ። ስበትንና ምህዋርን በኮምፒውተር እንዴት ላስተምር ያሉትን ጥያቄዎን አየሁት። ተማሪዎችዎ ፕላኔቶች ሲዞሩ የሚያሳየውን ፕሮግራም በጣም ወደዱት፤ ፈተና ላይ ግን «ሳተላይት የማይወድቀው እዚያ ላይ ስበት ስለሌለ ነው» ብለው ጻፉ። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ ናቸው፣ ኢንተርኔትም የለም። እኔም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ፊዚክስ አስተምራለሁ። ነገሩ በደንብ ይገባኛል።

ስለ ፕሮግራሙ ባጭሩ ልናገር። ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ የሚባለው ያምራል፤ ግን የሚገዛ ነው፣ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድም ይፈልጋል። ለእኛ ማሽን አይሆንም። የሚሻለው የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲው ፌት (PhET) ነው። በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ካርል ዊማን በ2002 እንደ ፈረንጆቹ የጀመረው ነው፤ ሲሙሌሽኖቹ፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያስመስሉት ፕሮግራሞች፣ በነፃ ይገኛሉ። ከእነሱ ውስጥ «ግራቪቲ ኤንድ ኦርቢትስ» የሚለውን ይውሰዱ። አንድ ፋይል ነው። ኔት ካለበት አውርደው በፍላሽ ካመጡት በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ያለ ኔት ይከፈታል። ብሮውዘሩ ካረጀ እምቢ ሊል ስለሚችል አዲስ መጫኛም አብረው ይያዙ። ባትሪው የሚሠራ አንድ ላፕቶፕ ካለ መብራት ቢሄድም ትምህርቱ አይቋረጥም።

አሁን ወደ ዋናው። ፕሮግራሙን ከፍተው ምድር ፀሐይን ስትዞር አያሳዩአቸው። እሱን መጽሐፉ ላይ አይተውታል። ዝም ብሎ ማየት ከሆነማ የፕላዝማው ዘመን ይብቃን። ምህዋሩ እንዲበላሽ ያድርጉ፤ ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ምን እንደሚሆን ደብተሩ ላይ ይሳል። ሳይስሉ ማጫወቻውን እንዳይነኩት።

መጀመሪያ ስበቱን የሚያጠፋውን ቁልፍ ይጠቀሙ። ፕላኔቷ እየዞረች ስበቱ ድንገት ቢጠፋ ወዴት ትሄዳለች? አብዛኛው ተማሪ ከፀሐይ ወደ ውጭ የምትሸሽ ቀስት ይስላል። ወደ ዓባይ በረሃ ቀረብ ካሉ ቀበሌዎች የመጡት፣ ማሽላ ከዝንጀሮ ሲጠብቁ ያደጉት ግን ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም። ወንጭፍ ያውቃሉ። ገመዱ ዒላማውን ሲያመለክት ቢለቁት ድንጋዩ ወደ ጎን እንደሚሄድ እጃቸው ያውቀዋል። ድንጋዩ የሚሄደው በተለቀቀባት ቅጽበት ወደሚጓዝበት አቅጣጫ ነው። ፕላኔቷም እንደዚያው፣ ቀጥ ብላ ትነጉዳለች። አንዱን ልጅ ተነስቶ እንዲያስረዳ ያድርጉት፤ ከእኔና ከእርስዎ የተሻለ ያስረዳል።

ቀጥሎ ፕላኔትና ሳተላይት ወዳለበት ይሂዱ። የፈተናው ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። የሳተላይቱን የፍጥነት ቀስት ጎትተው ዜሮ ያድርጉትና ያስጀምሩት። ቀጥ ብሎ ወርዶ ምድር ላይ ይፈነዳል፤ ክፍሉ ይስቃል። ያኔ «ስበት ከሌለ ማን ጎትቶ አወረደው?» ይበሏቸው። ቁጥሩንም ሰሌዳ ላይ ያስሉት። የራሳችን ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ.-1 ታህሳስ 10 ቀን 2012 ከቻይና ሲወነጨፍ የገባው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ያለው ስበት መሬት ላይ ካለው ከ80 በመቶ በላይ ነው። ሳተላይት ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ግን በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለሚበር ምድር ከሥሩ እየታጠፈች ታመልጠዋለች።

እኔ በጣም የምወደው ግን የማሱን (የመጠነ ቁሱን) ነው። ወደ ፀሐይና ፕላኔት ይመለሱ። የስበት ኃይሉን ቀስት ያብሩና የፕላኔቷን ማስ እጥፍ ያድርጉት። ቀስቱ ይረዝማል፣ ምህዋሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ጎበዞቹ ጭምር እዚህ ግራ ይጋባሉ። ኃይሉ እጥፍ ሆነ፣ የሚገፋውም ማስ እጥፍ ሆነ፤ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ያው ነው። የፀሐይን ማስ እጥፍ ሲያደርጉ ደግሞ ሌላ ነው፤ ፕላኔቷ ወደ ውስጥ ትጠልቅና በሞላላ ምህዋር መዞር ትጀምራለች፣ 365 ቀን የነበረው ዙር ወደ 140 ቀን ግድም ይወርዳል። የምህዋርን ስፋትና የዙሩን ጊዜ በሚያገናኘው በኬፕለር ሕግ ያሰሏት፣ ትመጣለች። በመጨረሻ የፀሐይን ማስ ግማሽ ያድርጉት። «ምህዋሩ ይሰፋል» ይሏችኋል። አይሰፋም፤ ፕላኔቷ ሄደች ሄደች ናት፣ አትመለስም። ክብ ምህዋር ላይ ያለ ነገር ለማምለጥ ፍጥነቱን በ1.41 ማብዛት ይፈልጋል፤ ማሱን በግማሽ መቀነስም ያንኑ ያደርጋል። ይህንን ለ12ኛ ክፍል ማቆየትም ይቻላል፣ ጊዜ ካጠረ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አካላቱ እንዲታዩ ተብሎ በጣም ተጋነው ነው የተሳሉት። ሳይነግሯቸው ካለፉ ጨረቃ ከምድር አጠገብ ያለች ይመስላቸዋል። ልኩን ወደጠበቀው ገጽ ይሻገሩና ከምድር እስከ ጨረቃ ያለውን 384,000 ኪሎ ሜትር በፕሮግራሙ ሜትር ይለኩት።

ኮድ የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ የራሱን ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ይሥራ፤ ከሃያ መስመር ብዙም አይበልጥም። ፕላኔቷ በየዙሩ ወደ ውጭ እየሰፋች ከሄደችበት የፊዚክሱ ቀመር ሳይሆን የስሌቱ ቅደም ተከተል ነው ችግሩ። መጀመሪያ ፍጥነቱን ያድስ፣ ከዚያ በታደሰው ፍጥነት ቦታውን ያስላ። ሁለት መስመር ማቀያየር ብቻ ነው፤ ምህዋሩ ይረጋል። ፋይሉን ማውረድ ካስቸገረዎት ይንገሩኝ፣ በቴሌግራም እልክልዎታለሁ።