ያ ፍርስራሽ ቤት እውነት የፍራንኮች ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)

ጥያቄ፦ አርካዲያ ውስጥ ተራራ ላይ ባለ የግሪክ መንደር አንዲት አዛውንት እናት እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ከአጥራችን አጠገብ ጣሪያው የወደቀ የድንጋይ ቤት አለ። ያያ (አያት፣ እንዲህ ነው የምጠራቸው) «ከፍራንኮች ዘመን የቀረ ነው» ይሉኛል። ልጃቸው ግን ድንጋዩን ለግቢ አጥር ሊወስደው ተነሥቷል። እውነት ያን ያህል ያረጀ ነው? በምንስ ይታወቃል?
እህታችሁ፣ ከአርካዲያ

መልስ፦ እህቴ፣ ግሪክ አገር ከአርኪዮሎጂ ቡድኖች ጋር እየዞርኩ የመንደር ግድግዳ መሣል ሥራዬ ነበር። «የፍራንኮች ነው» የማይባልበት ፍርስራሽ ግን አልገጠመኝም። ፍራንኮች የሚባሉት ከምዕራብ አውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ናቸው። በ1204 ቁስጥንጥንያን ከያዙ በኋላ፣ በ1205 አርካዲያ ወዳለችበት ወደ ፔሎፖኔዝ፣ ወደ ደቡብ ግሪክ፣ ገቡ። ያኔ አገሩ ሞሪያ ይባል ነበር። ተራራው ላይ ትልልቅ ምሽግ ስለሠሩ፣ የመንደር ሰው ያረጀ ነገር ሁሉ የእነሱ ይመስለዋል።

እውነቱን ልንገርሽ። ግድግዳው ከራስሽ በላይ ቆሞ ከሆነ፣ የመካከለኛው ዘመን የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ከ1825 ጀምሮ፣ ግሪኮች ከኦቶማኖች ነፃ ለመውጣት ሲዋጉ፣ የግብጹ ኢብራሂም ፓሻ ጦር ፔሎፖኔዝ ላይ ሲወርድ ብዙ መንደር ተቃጥሏል። ከዚያ በኋላ ሰው ተመልሶ እንደገና ሠራ። በደቡብ፣ ማኒ ውስጥ፣ ቱሪስት «የመካከለኛው ዘመን» እያለ ፎቶ የሚያነሣቸው ግንቦችም በአብዛኛው ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። የእውነተኛው የመካከለኛው ዘመን የገበሬ ቤት ፍርስራሽ ብዙ ጊዜ ጉልበት እንኳ አይደርስም። ሣር ውስጥ የተጋደመ የድንጋይ መስመር ነው፤ ፍየል ዘሎት ያልፋል።

ይሁን እንጂ የላዩ አዲስ ሆኖ ሥሩ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀረብ ብለሽ እዪው።

ድንጋዩ ሻካራ መሆኑ ምንም አይነግርሽም። ደሀ ገበሬ በ1390ም ሆነ በ1890 አጠገቡ ያገኘውን ድንጋይ በጭቃ ነው የካበው። ወሬው ያለው መጋጠሚያው ላይ ነው። ወደ ማዕዘኑ ሂጂ። የሁለቱ ግድግዳዎች ድንጋይ እርስ በርሱ ከተጠላለፈ፣ አንድ ላይ ተሠርተዋል። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ክፍተት ካየሽ ግን፣ አንዱ ቀድሞ ቆሞ ነበር፤ ሌላው በኋላ መጥቶ ተጠግቶታል። የተደፈነ በር፣ የጠበበ መስኮት፣ የጭቃው ቀለም ድንገት የሚለወጥበት ቦታ ፈልጊ። የመንደር ቤት እንደ ተጣጣፈ ልብስ ነው። ጥገናውን ከዋናው ሳትለዪ «ይሄ የእንዲህ ያለ ጊዜ ነው» ብትዪ ዋጋ የለውም። አንድ ቤት የመሰለሽ ሦስት ቤት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የሚያታልሉሽ ነገሮችም አሉ። አንዱ ጉበን ላይ የተቀረጸ ዓመት ነው። ጉበኑ ከሌላ ቤት መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይ ዓመቱ ቤቱ የታደሰበት ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ የተሰነቀረ ጥርብ እብነ በረድ ደግሞ ከጥንት ሕንፃ የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከእሱ በኋላ መሠራቱን ብቻ ነው የሚያረጋግጥልሽ። የጣሪያው ሸክላም ለዘመናት በእጅ ስለተሠራ መልኩ ብዙም አልተለወጠ።

የቤቱ ቅርጽ ትንሽ ይረዳል። ማክሪናሪ የሚሉት ቤት አለ። ረጅምና ጠባብ ነው፤ ተዳፋት ላይ ይሠራል። ሰው በላይኛው ጫፍ ምድጃው ጋ ይኖራል፣ ከብት በታችኛው ጫፍ ያድራል፤ የበረቱ ፍሳሽ ወደ ሰው እንዳይመጣ። በመካከለኛው ዘመን ማብቂያ የነበረ አሠራር ነው። ችግሩ፣ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ እንዲሁ መሠራቱ ነው። ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ባለሙያዎች ዕድሜውን የሚቆርጡት በሌላ ነው። የሚያብረቀርቅ ቅብ ያለውና በመጫር ያጌጠ ገል፣ ከወለሉ ሥር የተገኘ ሳንቲም፣ በኖራው ውስጥ የቀረ ከሰል፣ ዕድለኛ ከሆኑም የዕድገት ቀለበቱ የሚቆጠር የጣሪያ እንጨት። ይሄን ለእነሱ ተዪው። ምንም አትቆፍሪ። ገል አንሥተሽ ቦርሳሽ ውስጥ አትክተቺ፤ ቦታውን የለቀቀ ገል ግማሽ ወሬውን አጥቷል። ብረት የሚፈልግ መሣሪያም ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው።

አንቺ የምትችይው እያንዳንዱን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆመሽ ፎቶ ማንሣት ነው። ርዝመቱን የምታውቂው ዘንግ አጠገቡ አቁሚ። ሰሜን በየት በኩል እንደሆነ ጻፊ። የግድግዳውን ውፍረት በሩ ጋ ለኪ። ከሁሉም በፊት ግን ያያን ጠይቂያቸው፦ መጨረሻ ማን ኖረበት? ምድጃው የት ነበር? አህያዋ የት ታድር ነበር? ጣሪያው ወደቀ ወይስ ሸክላውን ሰው አውርዶ ወሰደው? ግድግዳው ነገም እዚያው ይኖር ይሆናል። የእሳቸው ትዝታ ግን ዛሬ ካልተጻፈ የለም።

ለልጃቸው ደግሞ ይሄን ንገሪው። በግሪክ ሕግ 3028/2002 መሠረት እስከ 1830 ድረስ ያለ የማይንቀሳቀስ ቅርስ በጥንታዊነት ይጠበቃል። ሕጉ በ2021 በሕግ 4858 ተጠቃሏል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው በአቅራቢያው ላለ የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ወይም ለፖሊስ ሳይውል ሳያድር ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ከመንቀሉ በፊት የአውራጃውን የቅርስ ቢሮ ይጠይቅ። ቤቱ የ1880 ሆኖ ከተገኘ እንኳ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ቤት ያለ ቢሮው ፈቃድ አይፈርስም።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። በክረምቱ የግሪክ መንደር ቤቶችን ከሚመዘግብ ቡድን ጋር ልሄድ ነው። ድሮን እያለ በእርሳስ ሣሉ ይሉናል። ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ ድሮኑን አትጥላው፣ እርሳሱንም አትናቅ። ከድሮን ፎቶ የሚሠራው ባለ ሦስት አውታር (3D) ሞዴል ልኬቱን በግማሽ ቀን ይጨርስልሃል። ሆኖም ሁሉንም ድንጋይ እኩል ነው የሚያየው። በእርሳስ ስትሥል ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ጋ መወሰን አለብህ፤ ይሄ ከዚያኛው ጋር ነው ወይስ በኋላ የገባ? እኔ በድሮን ሞዴል ላይ ያላየሁትን መጋጠሚያ እጄ እየሣለ አግኝቶታል። ደግሞ የግሪክ ፍርስራሽ በእሾሃማ ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። ድሮኑ የሚያሳይህ ቅጠል ነው።

የወደቀውንም ክምር መዝግብ እንጂ ግድግዳውን ብቻ አይደለም። ቆሮንቶስ አካባቢ ላካ ስኩታራ በሚባል ቦታ ተመራማሪዎች የተተዉ ቤቶችን እየተመላለሱ አይተዋል። ቤት እንዴት እንደሚፈርስ፣ ሸክላው በራሱ ሲወድቅና ሰው ሲወስደው ምን እንደሚለይ ለማወቅ ነው። ቤቶቹ የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ ትምህርቱ ግን ለ14ኛው መቶ ዘመን ፍርስራሽም ይሠራል። ሸክላ የሌለበት ክምር ካየህ «ጣሪያው የሣር ነበር» ለማለት አትቸኩል። ጎረቤት ወስዶት ይሆናል።

አንድ ምክር ልጨምር። ክምር ውስጥ እጅህን ሳታይ አትክተት። አፍንጫው ላይ ቀንድ ያለው እፉኝት የድንጋይ ካብ ይወዳል። ወፍራም ጫማ ያዝ።

ጥያቄ፦ የመካከለኛው ዘመን ትንንሽ ቤተ ክርስቲያኖች በግሪክ ገጠር ሞልተዋል። የሠሯቸው ገበሬዎች ቤት ታዲያ የት ሄደ?

መልስ፦ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር የሚጠግነው አላጣም። ቤት ግን ባለቤቱ ሲሄድ ጣሪያው ይነሣል፤ ዝናብ ጭቃውን ያጥበዋል፤ ድንጋዩ ለሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። በ1347 የገባው ወረርሽኝና ተከታታይ ጦርነት ብዙ መንደር ባዶ አደረጉ። በአቲካና በቦዮቲያ አውራጃዎች ድንበር ያለው ፓናክቶን አንዱ ነው። በጥንታዊ ምሽግ ኮረብታ ላይ የ14ኛውና 15ኛው መቶ ዘመን ሰዎች ሠፍረውበት ነበር። ከዚያ ተተወ። በ1990ዎቹ ሲቆፈር ቤቶቹም ቤተ ክርስቲያኖቹም አብረው ተገኙ። እንዲህ ያለ ዕድል ብርቅ ነው።

ገበሬዎቹ ግን ድምፅ የላቸውም አትበል። ማኒ ውስጥ ኬፑላ በሚባል ቦታ፣ በ1265 ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሰዎች ያዋጡትን በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ጠቅላላው 14 ተኩል ኖሚስማ (የቢዛንታይን የወርቅ ሳንቲም) ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የኦቶማን የግብር መዝገብ መጣ፤ የቦዮቲያው ከ1466 ይጀምራል። የአባወራውን ስም ይዘረዝራል፤ ስንዴውን፣ ገብሱን፣ በጉን፣ የንብ ቀፎውን ሳይቀር ይመዘግባል። የታሪክ ተመራማሪው ማኪኤል ኪል ይህን መዝገብ አነበበ። አርኪዮሎጂስቶቹ ጆን ቢንትሊፍና አንቶኒ ስኖድግራስ የጀመሩት የቦዮቲያ ቅኝት ደግሞ እርሻውን በእግር እየዳሰሰ ገል ለቀመ። መዝገቡ ላይ በስም ብቻ የቀሩ መንደሮች ሜዳው ላይ ቦታቸው የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።