ፀረ-አካል ቲኤንቲን ከውሃ ውስጥ እንዴት ይለያል?

ጥያቄ፦ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። በእርግዝና መመርመሪያ ላይ ሁለት ፀረ-አካላት (አንድን ሞለኪውል ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች) ሆርሞኑን ከሁለት ወገን ይይዙታል። በውሃ ውስጥ የቀረ ፈንጂም የሚመረመረው እንዲሁ ነው? ውጤቱስ ይታመናል?

መልስ፦ እንዲሁ አይደለም። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ 227 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ብቻ የሚመዝን ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ሁለት ፀረ-አካላት አብረው የሚይዙበት ቦታ የለውም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ምርምር ላቦራቶሪ ያዳበረው መፍትሔ ማፈናቀል ነው። ፀረ-አካሉን በጥቃቅን ዶቃዎች ላይ ያጣብቃሉ፤ ቲኤንቲን የሚመስልና ሳይ-5 የተባለ ቀለም የተያያዘበት ሞለኪውል ያስይዙታል፤ ከዚያ ዶቃዎቹን በቀጭን ቱቦ አድርገው ባፈር (አሲድነቱ የማይለዋወጥ ፈሳሽ) ያለማቋረጥ ያፈሱበታል። ናሙናው ሲገባ ቲኤንቲ ቦታውን ይቀማል፤ የተለቀቀው ቀለም ከቱቦው ሲወጣ ፍሎሮሜትር (የቀለሙን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ያነበዋል። ቲኤንቲ በበዛ ቁጥር ብርሃኑ ይጨምራል። ቲኤንቲና ባለቀለሙ ሞለኪውል ለፀረ-አካሉ በሚሻሙበት በተለመደው የውድድር ምርመራ ግን ቀለሙ የሚቀንሰው ቲኤንቲ ሲበዛ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው የተበከለውን ውሃ ንጹሕ ነው ይላል፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው።

ሳይ-5 በ650 ናኖሜትር ገደማ ባለ ቀይ ብርሃን ተነሥቶ በ670 ገደማ ያበራል። ቀዩ የተመረጠው በውሃ ውስጥ ያለ የበሰበሰ ዕፅ ቅሪት በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ ብርሃን ራሱ ስለሚያበራ ነው።

ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኦሪገን፣ በኡማቲላ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ተፈትኗል። አካባቢው የተበከለው ቦምብ ባጠበ ውሃ ነው።

ጥንቃቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ቀለም በራሱ ጊዜም ስለሚንጠባጠብ መነሻ መስመሩ (ናሙና ሳይገባ የሚነበበው ብርሃን) ሳይረጋ ናሙና አያስገቡ። የተፈናቀለው ቀለም አይተካም፤ ስለዚህ ምልክቱ እየደከመ ይሄዳል፣ በየመሃሉም መጠኑ የታወቀ መፍትሔ ማስገባት የግድ ነው። የአፈር ናሙና በአሴቶን ከታጠበ የወጣውን ፈሳሽ ሳያቀጥኑ አያስገቡ፤ አሴቶን ፀረ-አካሉን ያበላሻል። ቲኤንቲ በብርሃን ስለሚፈርስ ናሙናው በቡናማ ጠርሙስ፣ በ4 ዲግሪ ይቀመጥ፤ በ7 ቀን ውስጥም ቲኤንቲው ከናሙናው ተለይቶ ይውጣ። ትራይናይትሮቤንዚን የተባለ ሌላ ውህድ ደግሞ መልኩ ለቲኤንቲ ስለሚቀርብ ፀረ-አካሉን ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ ለመጠጥ ውሃ ከምትመክረው የዕድሜ ልክ ጣሪያ (በሊትር 2 ማይክሮግራም) አካባቢ የሚወድቅ ውጤት በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ነጣጥሎ የሚለካ የላቦራቶሪ መሣሪያ) በ254 ናኖሜትር ሳይረጋገጥ ውሳኔ አይሰጥበትም።

ጥያቄ፦ ይህ መሣሪያ ቲኤንቲን በአየር ውስጥስ መለየት ይችላል?

መልስ፦ ለአየር የሚመቸው ሌላ ነው። በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ቲሞቲ ስዋገር እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ፖሊመር (ከብዙ ተደጋጋሚ ክፍሎች የተሠራ ረጅም ሞለኪውል) ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ያበራል፤ የቲኤንቲ ትነት ሲያርፍበት ይደበዝዛል። አንድ ሞለኪውል ብዙ የፖሊመሩን ክፍሎች ስለሚያጠፋ ጥቂት ቲኤንቲን እንኳ የመለየት አቅሙ ከፍተኛ ነው። ፀረ-አካል ግን አይፈልግም።