ጎመኑ ታጥቧል ወይስ ውሃው ዝም ብሎ አለፈው?

ጥያቄ፦ ከቅዳሜ ገበያ ጥቅል ጎመን ገዝቼ ሳጥብ ውሃው ቅጠሉ ላይ አይቆይም፤ ድቡልቡል እያለ ይወርዳል። ባለቤቴ «ዘይት ተቀብቶ ነው» ይላል። እንስራዬ ግን ውሃውን ምጥጥ ያደርገዋል። ያው አንድ ውሃ አይደለም እንዴ? ደግሞስ ጎመኑ ታጥቧል ማለት ነው? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዘይት የቀባው ሰው የለም። ቅጠሉ ራሱ የሚያወጣው ሰም ነው። ሰሙ ልሙጥ አይደለም፤ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ዘንጎች የተሞላ ነው። ውፍረታቸው የሚለካው በናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮነኛ ነው። ጠብታው የሚያርፈው ጫፎቹ ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ አየር አለ። የውሃ ሞለኪውሎች (የውሃ ጥቃቅን ቅንጣቶች) እርስ በርስ አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ሰሙ ደግሞ የሚይዙት ነገር አይሰጣቸውም። ስለዚህ ውሃው ይድቦለቦላል።

እስኪ ሞክሪው። አንድ የውጭ ቅጠል ገንጥለሽ ሳህን ውሃ ውስጥ ድፈቂውና ከጎን እዪው። እንደ መስታወት ያበራል። የሚያበራው በቅጠሉና በውሃው መሃል የታፈነው አየር ነው። አሁን አውጪውና አንዱን ጥግ በአውራ ጣትሽ እሽት አድርገሽ መልሰሽ ድፈቂው። የታሸው ቦታ አያበራም፤ ሰሙን ጠርገሽዋል። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

እንስራው ሌላ ነው። ሸክላ ውሃን ይወዳል፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንዲህ ካለ ገጽ አጠገብ ያሉት ሦስት አራት የሞለኪውል ድርብርቦች፣ በድምሩ አንድ ናኖሜትር ገደማ፣ እንደ ልባቸው አይንቀሳቀሱም። ይህ ምን እንደሚለውጥ ልንገርሽ። በብርጭቆ ያለ ውሃ በአዎንታዊና በአሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሎች መካከል ያለውን መሳሳብ 80 ጊዜ ያህል ያዳክማል፤ ጨው በቀላሉ የሚሟሟው አንድም ለዚህ ነው። በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን ውሃን አንድ ናኖሜትር ገደማ በሆነ ክፍተት አስገብቶ፣ ይህን የማዳከም አቅሙን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ባለው አቅጣጫ ለካ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ ያ 80 ወደ 2 ገደማ ወርዷል! ሞለኪውሎቹ መሳሳቡን የሚያዳክሙት በመዞር ነው፤ እዚህ ግን መዞር ተስኗቸዋል። «አንድ ውሃ አይደለም እንዴ?» ላልሽው፣ አዎ አንድ ነው፤ ግን ግድግዳ ሲጠጋ ጠባዩ ይለወጣል።

ወደ እጥበቱ ስንመጣ፣ ላላ ብሎ የተቀመጠን አቧራ ጠብታው ይዞት ይወርዳል። የተጣበቀ ጭቃ ወይም እጥፋቱ ውስጥ የተሸሸገ ትል ግን ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ውሃ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም። ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥለሽ ውሃ ውስጥ በእጅሽ እሺው። ሳሙና ግን አደራ፣ እንዳትጨምሪበት።