ለሐይቅ ወፍ ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃል? ስለ ረጅም ሌንስ ጥያቄና መልስ

የሐይቅን ወፎች ፎቶ ካሳየሁ ወዲህ ስለ ሌንስ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ካገኘሁ ሐይቅና አርዲቦ ከሚባሉት ሐይቆች ዳር አልጠፋም።

ሌንስ ልገዛ ብር አጠራቅሜያለሁ። 400 ይሻላል፣ 600 ወይስ 800? ወላሂ ግራ ገብቶኛል። (ከኮምቦልቻ)

አብሽር፣ ቀላል ሒሳብ አለው። ቁጥሩ የሌንሱ ፎካል ርዝመት ነው፣ በሚሊ ሜትር። በበዛ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል። ፉል ፍሬም በሚባለው ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለት ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። በ600 ሌንስ 30 ሜትር ላይ ያለ ነገር ስታነሳ ፎቶው ከግራ ወደ ቀኝ የሚይዘው 1.8 ሜትር ነው። በ400 ከሆነ 2.7 ሜትር፣ በ800 ከሆነ 1.35 ሜትር ይይዛል።

አሁን ሐይቅ ሸምበቆ ላይ የምትቀመጠውን ትንሿን ዓሣ አጥማጅ ወፍ አስባት። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነችውን። ከምንቃር እስከ ጅራት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። 1.8 ሜትር ውስጥ ስትገባ ነጥብ ነው የምትሆነው። 800 ብትገዛም ያው ነጥብ ናት፣ ትንሽ የወፈረች ነጥብ። ግን በ600ው 10 ሜትር ድረስ ብትጠጋት ፎቶህ የሚይዘው 60 ሴንቲ ብቻ ነው። ያኔ አንድ አምስተኛውን እሷ ትሞላዋለች። ላባዋ ይቆጠራል።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ መጀመሪያ የምታነሳውን ምረጥ። ለፔሊካንና ለትልልቅ የውኃ ወፎች 400 ይበቃል። ለትንንሾቹ 600 ግዛና መጠጋትን ተማር። መጠጋት ማለት ወፏን ማባረር አይደለም። ከማለዳው ሄደህ ሸምበቆው ሥር ቁጭ ትላለህ። እሷ ወዳንተ ትመጣለች። እኔ አንዲት ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ሦስት ጠዋት ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው መጥታ አረፈች።

ካሜራዬ ክሮፕ ነው፣ ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ። ፉል ፍሬም ካልገዛህ አይሆንም ይሉኛል።

አትስማቸው። ለወፍ ክሮፕ ሴንሰር ይጠቅምሃል። በካኖን 1.6፣ በኒኮንና በሶኒ 1.5 እጥፍ የጠበበ እይታ ይሰጥሃል። 400 ሌንስህ የ600 ያህል ያያል። ጨለም ሲል ፎቶው ትንሽ ይሻክራል፣ ያን ያህል ነው። ገንዘብህን ሌንሱ ላይ አውለው።

600 ኤፍ 4 እና 600 ኤፍ 6.3 ሁለቱም 600 አይደሉም እንዴ? ዋጋቸው ለምን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ?

ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ብርሃን ይበዛል። 600ን ለ4 አካፍይው፣ 150 ይመጣል። ለ6.3 ሲካፈል 95 ነው። ብርሃን የሚገባበት አፍ ስፋቱ ይኸው ነው፣ በሚሊ ሜትር። 150 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጥርት ያለ መስታወት መሥራት በጣም ውድ ነው፣ ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው። አዲሶቹ የካኖንና የሶኒ 600 ኤፍ 4 እንኳ 3 ኪሎ ያልፋሉ። በለውጡ ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን ይሰጡሻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጫካ ውስጥ ለምትሠሪ ያ ትልቅ ነገር ነው። ገላጣ ሐይቅ ዳር ለምትሠሪ ግን ዋጋውን አያወጣም ባይ ነኝ።

እሺ፣ ስም ጥራልን። የትኛውን እንግዛ?

እንደያዛችሁት ካሜራ ነው። ሶኒ ከሆነ በ2019 የወጣው 200-600። 2.1 ኪሎ ይመዝናል። ዙም ሲደረግ አይረዝምም፣ ስለዚህ ሚዛኑ እጅ ላይ አይናወጥም፣ አቧራም ብዙ አይስብም። የባቲን መንገድ አቧራ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ኒኮን ዜድ ከሆነ በ2023 የወጣው 180-600፣ እሱም አይረዝምም። ካኖን አር ከሆነ ቀላሉ 100-500 አለ፣ ረጅሙ 200-800 አለ። 200-800 ጫፉ ላይ ኤፍ 9 ስለሆነ ፀሐይ ይፈልጋል።

ውስጡ የሚነሳ መስታወት ያለውን የድሮውን ካሜራ (ዲኤስኤልአር) የያዛችሁ የሲግማን ወይም የታምሮንን 150-600 ፈልጉ። ያገለገለውን በደህና ዋጋ ማግኘት ይቻላል። ለኒኮን 200-500 ኤፍ 5.6ም አለ። ከባድ ነው፣ 2.3 ኪሎ። ግን እስከ 500 ድረስ ብርሃኑን አይቀንስም።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ስወጣ ሌንስ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ግን ጀርባዬን አሳዝነኝ።

ወንድሜ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው ግራም ሁሉ ኪሎ ነው። ሁለት ኪሎ ሌንስ ይዘህ ብትወጣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ቦርሳ ውስጥ ከትተኸው ትቀራለህ። ጥንብ አንሳው በላይህ የሚያልፈውም ያኔ ነው። ላንተ የካኖኑ 100-500 ወደ 1.4 ኪሎ ነው። ኒኮን ከሆንክ 500 ኤፍ 5.6 ፒኤፍ 1.46 ኪሎ ነው። ገንዘብ ካጠረህ የካኖን 400 ኤፍ 5.6 አለ። በ1993 የወጣ አሮጌ ሌንስ ነው፣ ንዝረት መከላከያ የለውም። ክብደቱ ግን 1.25 ኪሎ ብቻ ነው፣ ለሚበር ወፍ እስካሁን እወደዋለሁ። በርሮ ለሚያልፍ ወፍ ሻተሩን (ፎቶው የሚነሳበትን ፍጥነት) የሰከንድ 1/2000 ላይ ስለምታደርገው መከላከያውም ያን ያህል አይናፍቅህም።

ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ ከ300 በላይ አያስፈልግህም። ቀይ ቀበሮዋን ግን እባክህ ከሩቅ አንሳ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። ጉድጓዷ አጠገብ እየተመላለስክ ካስጨነቅሃት ግልገሎቿን ይዛ ትሰደዳለች። እንግዶችህ ቅረብ ቢሉህም እምቢ በላቸው። ረጅም ሌንስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቦረና ሳይንት ለምትሄዱም ቃሌ ያው ነው።

ያገለገለ ሌንስ ስገዛ ምን ልይ?

ይህን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ ሱቅ ያገለገለ 150-600 ገዛሁ። ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ቤት ወስጄ በባትሪ ሳየው ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ሻጋታ ወጥቶበታል። ልመልስ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ የስልኬን መብራት ከኋላ በኩል አብርቼ ሳላይ ገንዘብ አላወጣም።

እናንተም ሻጋታውን እዩ። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት፣ የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ተዉት። ከዚያ የራሳችሁን ካሜራ ግጠሙበት። ጫፉ ላይ፣ ማለት 600 ላይ አድርጋችሁ፣ ከሱቁ በር ላይ መንገድ ማዶ ያለ ጽሑፍ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉሉት። ያልጠራ ከሆነ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ።

ከሰዓት በኋላ የማነሳው ሁሉ ይደበዝዛል። 600ዬ ተበላሽቶ ይሆን? (ከቆቦ)

ሌንስዎ ደህና ነው፣ ጋሼ። የተበላሸው አየሩ ነው። መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር እንደ ውኃ ይርገበገባል። ረጅም ሌንስ ያንን ርግብግቢት አብሮ ያጎላዋል። የቱንም ያህል ውድ ሌንስ ቢገዙ አይድንም። በቆላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፣ ወይም 11 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይውጡ። በመሃሉ ካነሱም ከ20 ሜትር ባልራቀ ነገር ላይ ይሁን።

ቴሌኮንቨርተር፣ ያ በሌንስና በካሜራ መሃል የሚገባው ማጉያ፣ ብገዛስ?

1.4ቱ ብርሃንን በአንድ ደረጃ (ማለት በግማሽ)፣ 2 እጥፉ በሁለት ደረጃ ይቀንሳል። 600 ኤፍ 6.3 በ1.4 ሲባዛ 840 ኤፍ 9 ይሆናል። ፎከሱም ይዘገያል። ለኤፍ 4 ሌንስ ጥሩ ነው። ለዙሞቹ አልመክርም።

ትራይፖድ የግድ ነው?

አይደለም። እኔ ከጨርቅ የሰፋኋት ትንሽ ከረጢት አለችኝ። ሽምብራ እሞላባታለሁ። ድንጋይ ላይ፣ የጀልባ ጠርዝ ላይ፣ የመኪና መስኮት ላይ አስቀምጬ ሌንሱን አሳርፍበታለሁ። ሩቅ አገር ስትሄዱ ባዶዋን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ገበያ ሽምብራ ግዙ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትልቅ ሌንስ ለማያውቀው ሰው ሌላ ነገር ይመስላል። እረኛ ባየህ ጊዜ ቀድመህ ሰላም በል፣ ምን እንደምታነሳ አሳየው። በስክሪኑ ወፏን ያየ ልጅ ጎጆዋ የት እንዳለ የሚነግርህ ራሱ ነው። ጎጆዋ ጋ ግን አትሂድ፣ የምትመላለስበትን ቅርንጫፍ ጠብቅ።

ተማሪ ነኝ። ያለኝ ከካሜራው ጋር የመጣው 250 ሌንስ ብቻ ነው። ልተወው?

አትተዪው፣ እህቴ። ደሴ ዙሪያ ያሉትን ወፍራም ምንቃር ቁራዎች አይተሻቸዋል? ማጅራታቸው ላይ ነጭ ምልክት ያላቸውን፣ ሥጋ ቤት አካባቢ የማይጠፉትን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የሚኖሩበት አገር የለም። ፈረንጅ እነሱን ለማየት ውቅያኖስ አቋርጦ ይመጣል። አንቺ ጋ 5 ሜትር ላይ ይቆማሉ። በ250 እዚያ ርቀት ላይ ፎቶውን በደንብ ይሞሉታል። ጥቁር ስለሆኑ ካሜራው ይሳሳትና ዙሪያውን በጣም ያነጣዋል፣ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ቀንሺ። ፀሐይዋ ከጀርባሽ ትሁን። ዓይኑ ላይ ፎከስ አድርጊና ያነሳሽውን ላኪልኝ፣ አያለሁ።