«ረዳት ጳጳስ» ወይስ «የጳጳስ ረዳት»?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዘዞ ነው። የካቶሊክ ጳጳሳትን አጫጭር የሕይወት ታሪኮች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለሁ በአንድ ሀገረ ስብከት ከዋናው ጳጳስ ሥር የሚሾሙት አባቶች ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። አንዱ ጓደኛዬ «ምክትል ጳጳስ» በል ይለኛል፤ ሌላው «የጳጳስ ረዳት» ይላል። «ረዳት ጳጳስ» ብዬ ሳነብላት እናቴ «ረዳትማ የመኪና ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። የቱ ይሻላል? ግሡስ «ተሾሙ» ነው፣ «ተቀቡ» ነው ወይስ «ተተኩ»?

መልስ፦ በእናትዎ አልፈርድም። ከአዘዞ ፒያሳ በሚመላለሰው ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ የሚሰበስበውን ልጅ ሁላችንም ረዳት ነው የምንለው። ግን ይኸው ቃል ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ ማንም አይስቅበትም። ረዳት ፕሮፌሰር የፕሮፌሰር ቦርሳ ያዥ አይደለም፤ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ይመራመራል። የቃሉ ዘርም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም፤ ከግእዙ «ረድአ» የመጣ ነው፤ 72ቱ አርድእትም ከዚያው ግንድ ናቸው።

ነገሩን የሚወስነው የቃላቱ ተራ ነው። አማርኛ ባለቤቱን ስም ከኋላ፣ ገላጩን ከፊት ያደርጋል። ቀይ በሬ በሬ ነው። እንደዚሁ «ረዳት ጳጳስ» ጳጳስ ነው፤ «የጳጳስ ረዳት» ግን ረዳት ነው፤ ጸሐፊያቸው ወይም መስቀል ያዥ ዲያቆናቸው ሊሆን ይችላል። እርስዎ የሚጽፉላቸው አባቶች ሙሉ መዓርገ ጵጵስና የተቀበሉ ናቸው፤ ክህነት ይሰጣሉ፣ ጳጳስ የሚፈጽመውን ምሥጢር ሁሉ ይፈጽማሉ። የሌላቸው ሀገረ ስብከቱን በራሳቸው ስም የማስተዳደር ሥልጣን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በዋናው ጳጳስ እንደራሴነት ይሠራሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ጓደኛዎ ሳያስበው መዓርጋቸውን ገፏቸዋል።

እግረ መንገዴን፦ ሲበዛ «ረዳት ጳጳሳት» ይበሉ። ግእዙ ግን ባለቤቱን ከፊት ስለሚያስቀድም ብዛቱም ከፊት ይጀምራል፤ ሊቀ ጳጳስ ሲበዛ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ሀገረ ስብከት ሲበዛ አህጉረ ስብከት ይሆናል። «ሀገረ ስብከቶች» የሚለውን በየማስታወቂያው አያለሁ፤ ጆሮዬ እስካሁን አልለመደውም።

አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። የጎንደር አንባቢ ያደገው ኤጲስ ቆጶስ፣ ጳጳስ፣ ሊቀ ጳጳስ፣ ፓትርያርክ የሚለውን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅደም ተከተል እየሰማ ነው። «ረዳት ጳጳስ» ሲያይ «ኤጲስ ቆጶስ ለማለት ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። አይደለም። በካቶሊኮች ዘንድ ኤጲስ ቆጶስና ጳጳስ የአንድ መዓርግ ሁለት ስሞች ናቸው። ሁለቱም ከጽርእ (ከግሪክኛ) የመጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ከላይ ሆኖ የሚጎበኝ»፣ ሁለተኛው «አባት» ማለት ነው። ለአንባቢዎ ማመሳከሪያ ከፈለጉ 1921 ዓ.ም.ን ያስታውሱ። በዚያ ዓመት አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤልን ጨምሮ አራት ኢትዮጵያውያን አባቶች ካይሮ ላይ ጳጳስ ሆኑ፤ ነገር ግን ከግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሥር ነበሩ፣ ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣንም አልተሰጣቸውም። ስማቸው «ረዳት» አልተባለም እንጂ ጳጳስ ሆኖ ከጳጳስ በታች መሥራት ለአገራችን እንግዳ አይደለም።

ወደ «ምክትል» እንምጣ። ለከንቲባና ለርዕሰ መምህር ይሆናል፤ አለቃው ሲታጣ ወንበሩን ይዞ የሚሠራ ነው። ቃሉ የመጣው ከ«ተከተለ» ነውና «ቀጥሎ የሚመጣው» የሚል ሽታም አለው። ረዳት ጳጳስ ደግሞ በሕግ የመተካት መብት የለውም። መብቱ ያለው ሌላ ዓይነት ጳጳስ ነው፤ ዋናው ጳጳስ ሲሞት ወይም ሲለቅ ያለ ሌላ ሹመት መንበሩን የሚይዝ። እሱን «ተተኪ ጳጳስ» ብለው ይለዩት። «ምክትል» ሁለቱን ስለሚያደባልቅ ይቅርብዎ።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ እንዳይመስልዎ የራሳችንን ታሪክ እንይ። በእ.ኤ.አ. 1555 ዣዎ ኑኔስ ባሬቶ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ (የካቶሊኩ የኢየሱስ ማኅበር አባል) ለኢትዮጵያ ፓትርያርክ ተብሎ ሲሾም ሁለት ተተኪዎች አብረው ተመደቡለት፤ አንድሬ ደ ኦቪየዶና ሜልኪዮር ካርኔሮ። ባሬቶ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1562 ጎዋ ላይ ሞተ። በ1557 አገራችን ገብቶ የነበረው ኦቪየዶ ተተኪ ነበርና ያኔውኑ ፓትርያርክ ሆነ፤ በ1577 አድዋ አጠገብ ፍሬሞና እስኪሞት ድረስም በዚሁ ቆየ። ስለ ኦቪየዶ «ተተካ» ብሎ መጻፍ እውነት ነው።

ባሬቶ ከተሾመ ከሰባ ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ እኛ ደጃፍ መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ ገባ፤ ተተኪው አፖሊናር ደ አልሜይዳም ተከትሎት መጣ። የአልሜይዳ መዓርግ ምን ነበር? «የኒቅያ ጳጳስ»! የ318ቱን ሊቃውንት ጉባኤ በቃሉ የሚያውቅ የጎንደር ቆሎ ተማሪ ይህን ቢሰማ ዓይኑን ያፈጥጣል። ኒቅያን የሚያስተዳድር ሰው ደንቢያ ምን ይሠራል? ምሥጢሩ ይህ ነው፤ በካቶሊክ ሥርዓት የራሱ ሀገረ ስብከት የሌለው ጳጳስ፣ ረዳትም ይሁን በዚያ ዘመን ተተኪ፣ ምእመናኑ ከጠፉ ወይም ከተበተኑ የጥንት መንበሮች በአንዱ ስም ይሾማል። ካርኔሮም ከአልሜይዳ በፊት የኒቅያ ጳጳስ ተብሎ ነበር። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ሜንዴዝ ተባረረ፤ ተደብቆ የቀረው አልሜይዳ በ1638 ተገደለ። ጎንደር ያኔ ገና መቆርቆሯ ነው።

ይህን ዓይነቱን መንበር አንዳንዶች «የስም ሀገረ ስብከት» ይሉታል። እኔ አልወደውም፤ በአማርኛ «የስም» ያልነው ነገር ሁሉ «ለስሙ ያህል» ይሆንብናል፣ ማላገጫ ይመስላል። «የማዕረግ ሀገረ ስብከት» ይበሉት። በሚተረጉሙት ታሪክ ውስጥ አንድ ረዳት ጳጳስ በሰሜን አፍሪካ የፈረሰ ከተማ ጳጳስ ተብሎ ካገኙትም «እዚያ አገለገሉ» ብለው እንዳይጽፉ። እግራቸው አልደረሰም።

ግሦቹን በአዲስ አበባ ረዳት ጳጳሳት ላይ እንሞክራቸው። አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በእ.ኤ.አ. 1921 ኤርትራ ውስጥ ተወለዱ፤ በ1944 ክህነት ተቀበሉ፤ በ1973 የአዲስ አበባ ረዳት ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በ1977 አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ መንበሩን ሲለቁ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። እዚህ ላይ «ሊቀ ጳጳሱን ተክተው ተሾሙ» ቢሉ ያስኬዳል፤ «ተተኩ» ወይም «መንበሩን ወረሱ» ብለው ብቻ ቢያልፉ ግን መብት የነበራቸው ያስመስላል። አዲስ ሹመት ባይመጣ ኖሮ በረዳትነታቸው ይቀጥሉ ነበር። በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ፤ በ1998 መንበራቸውን ለቀቁ፤ በ2003 ሮም ላይ ዐረፉ። ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትም እኚሁ ናቸው፤ የቃል ሰው ስለነበሩ ሳልጠቅሳቸው ባልፍ ይቆጨኛል።

«ተሾሙ»ንና «ተቀቡ»ን የሚለየው የብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ታሪክ ነው። ረዳት ጳጳስ እንዲሆኑ የተሾሙት ኅዳር 7 ቀን 1997 ነው፤ መዓርገ ጵጵስናውን የተቀበሉት ጥር 25 ቀን 1998 (ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አማርኛችን «ሾመ»ን ለደብዳቤውም ለሥርዓቱም ስለሚጠቀምበት ሁለቱ ቀኖች ይጋጩብዎታል። ሹመቱ ሲነገር «ተሾሙ»፣ እጅ ሲጫንባቸው «መዓርገ ጵጵስና ተቀበሉ» ይበሉ። «ተቀቡ» ስሕተት ባይሆንም ንጉሥን ያስታውሰኛል። ከዚያ በፊት ከ1994 ጀምሮ የጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ፤ ያኔ ግን ቄስ እንጂ ጳጳስ አልነበሩም፤ ስለዚህ ያንን ዘመን ሲተርኩ «አባ»፣ ከጵጵስናው በኋላ «አቡነ» ይበሏቸው። ሊቀ ጳጳስ የሆኑት በ1999፣ ካርዲናል በ2015 ነው።

ሁሉም ረዳት ወደዚያው መንበር ይወጣል ማለት አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2010 የአዲስ አበባ ረዳት ጳጳስ የሆኑት አቡነ ልሳነ ክርስቶስ ማቴዎስ በ2015 የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ከአዲስ አበባ ተከፍሎ ሲቋቋም የመጀመሪያው ጳጳስ ሆነው ሄዱ። ለዚህ «ተዛወሩ» ቀዝቀዝ ያለ የቢሮ ቃል ነው፤ «ተመደቡ»ም ያው። «ተሾሙ» ይበሉ፤ የራሳቸው ሀገረ ስብከት ያገኙት ያኔ ነውና።

የመጨረሻው «አቡነ» ራሱ ነው። በረቂቅዎ ውስጥ «አንድ ረዳት አቡነ» የሚል አይቻለሁ። «አቡነ» በግእዝ «አባታችን» ማለት ስለሆነ ስም ካልተከተለው ባዶ እጁን ይቀራል። ብቻውን የሚቆመው «አቡን» ነው፤ ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት የኖሩበትን ሰፈር ጎንደሬ እስከ ዛሬ አቡን ቤት ይለዋል እንጂ «አቡነ ቤት» አይለውም።