«መጠጡን ተወ፤ እኛንም ተወን»

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ፒያሳ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ድሮ ከግሮሰሪ የሚገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነበር። ከአምስት ወር ወዲህ መጠጡን ትቷል። አሁን ሌሊት 10 ሰዓት አላርሙ ይጮኻል፣ የዘጠኝ ወሯ ሕፃን ትነቃለች፣ እሱ አራዳ ጊዮርጊስ ኪዳን ለማስደረስ ይወጣል። ማታ በር ዘግቶ ያነብና 5 ሰዓት ላይ ይተኛል። የእሑድ ቡናችን «ጊዜ ማባከን» ሆኗል። ስናገር «አንቺ ማደግ አትፈልጊም» ይለኛል። አጥብቄ ብቃወመው ደግሞ ወደ ድሮው እንዳይመለስ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ዋናው ቁም ነገር የመጨረሻው ፍርሃት ነው፤ ምክንያቱም ባለቤትዎም የሚፈራው ያንኑ ሳይሆን አይቀርም። ከመጠጥ የወጣ ሰው አዲሱን ልማዱን እንደ ካብ ያየዋል፤ አንድ ድንጋይ ቢነቀል ሁሉም የሚናድ ይመስለዋል። «ነገ እንኳ ቅር» ሲሉት የሚሰማው «ወደ ግሮሰሪው ተመለስ» የሚል ነው። «ድሮ እንዲህ አልነበርክም» ማለት ደግሞ ይብሳል፤ የሸሸው ድሮውን ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትሎ ነበር። ልማዱ ያለ ብዙ ማሰብ የሚከወን እስኪሆን የሚወስደው ጊዜ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ተገምቷል፤ መካከለኛው 66 ቀን ነው። አንድ ቀን መዝለል ግን ሂደቱን አላፈረሰውም። ባለቤትዎ 150 ቀን ገደማ ስለተጓዘ አንድ ማለዳ ቢቀር ካቡ አይናድም። (ይህ ለንባብና ለመንቂያ ሰዓት ነው። «አንድ ቀን ብቀምስ ምን አለበት» ለሚለው አይሠራም፤ መጠጥ ሌላ ጉዳይ ነው።)

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። 5 ሰዓት ተኝቶ 10 ሰዓት የሚነሣ ሰው የሚያገኘው የአምስት ሰዓት እንቅልፍ ነው፤ ለአዋቂ ቢያንስ ሰባት ያስፈልጋል። እንቅልፍ ሲጎድል ትዕግሥት ያጥራል፣ ተራ ቃል እንደ ነቀፋ ይሰማል። እርስዎም ከሕፃኗ ጋር ስለሚነቁ ሁለት የደከሙ ሰዎች ናችሁ ማታ ማታ የምትገናኙት። ለሁለት ሳምንት የተጣላችሁበትን ቀንና ሰዓት ብቻ ይመዝግቡ። ባለቤትዎ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ቢበዛ አይገርምም። ጾሙን እንዲተው አይጠይቁት፤ በጾም ዋዜማ ግን ንባቡን አሳጥሮ ቶሎ ቢተኛ ይሻላል።

ንግግሩን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በር ላይ፣ ወይም መጽሐፉን በገለጠበት ሰዓት አይጀምሩ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጆቹ ሲተኙ ይሻላል። አጀማመሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «መጠጡን በመተውህ ኮርቼብሃለሁ፤ ጸሎትህንም ንባብህንም አልቃወምም። ሌሊት 10 ሰዓት ግን ሕፃኗ ትነቃና እስኪነጋ እኔ ነኝ የማባብላት። ሰዓቱን አብረን እንከፋፈለው።» ያስተዋሉ እንደሆነ ስለ ባሕርዩ አንድም ቃል የለበትም። «ራስህን ብቻ ነው የምታስበው» ካሉት ግን ወሬው ከሰዓት ወጥቶ ስለ እሱ ማንነት ይሆናል፤ ያኔ መጽሐፉን ይዞ በሩን ይዘጋል።

ለድርድር የሚቀርበው ነገር ተጨባጭ ይሁን። ኪዳኑ እሑድና በመረጣቸው ሁለት የሥራ ቀናት ይሁን፤ በእነዚያ ዋዜማዎች 3 ሰዓት ላይ ይተኛ። በቀሩት ቀናት 4:30 ተኝቶ 11:30 ይነሣና ቤት ውስጥ ይጸልይ። ስልኩ በንዝረት ብቻ ትራሱ ሥር ይሁን፤ ልብሱና ጫማው ማታውኑ ሳሎን ይቀመጥ። ሌሊት በጨለማ ቁም ሣጥን መፈተሽ ሕፃን ከመቀስቀስ አንፃር ከአላርም አያንስም። ንባቡ በሥራ ቀን አሥር ገጽ ይበቃል፤ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሳሎን። ለትልቁ ልጅ ሁለቱን ገጽ ጮክ ብሎ ቢያነብለት ደግሞ ከንባቡ ምንም አይቀነስም። የእሑዱ ቡና ግን ለድርድር አይቅረብ፤ ስልክም መጽሐፍም የሌለበት ሦስቱ ስኒ፣ ከአቦል እስከ በረካ።

«ማደግ አትፈልጊም» ሲልዎት አይከራከሩ፣ የሠሩትንም አይቁጠሩለት። «ይህ ቃል ያሳዝነኛል፤ ስለ ሰዓቱ እንነጋገር» ብለው ወደ ጉዳዩ ይመልሱት። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልሰማዎት የንስሐ አባታችሁን ይጨምሩ። በጸሎቱ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ የእሳቸውን ቃል መቀበል ይቀለዋል፤ ብቻ ለመክሰስ ሳይሆን ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ።

አንድ ነገር ይለዩልን። እስካሁን የገለጹት በእንቅልፍ እጦት የተሰላቸ ሰው ነው። ለቀናት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ጭራሽ ካልደከመው፣ ንግግሩ ከፈጠነ፣ ገንዘብ ያለ ልክ ከበተነ፣ ወይም ለእሱ ብቻ የተሰጠ ልዩ ተልእኮ እንዳለው ከተናገረ ጉዳዩ የልማድ አይደለም፤ ሳይውሉ ሳያድሩ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል ወይም ሌላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

በመጨረሻም፣ በድርድሩ ላይ የእርስዎን ሰዓት ማስገባት አይርሱ። ለምሳሌ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት እሱ ትልቁን ልጅ ይዞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፤ ሕፃኗንም በጋሪ ይውሰዳት። በሁለቱ ሰዓት መጽሐፍ ሊያነቡ፣ ጓደኛ ሊጠይቁ ይችላሉ። መተኛት ካማረዎትም ይተኙ።